ሬዚን ጌጥ ለምትሠሩ፦ «ምች መታኝ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ አንዱ እየተደጋገመ መጥቷል። «ዶክተር፣ ሬዚን ጌጣጌጥ መሥራት ጀምሬ ነበር፤ ለጤና ችግር አለው ወይ?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ፎቶም ልካችኋል። ያበጠ የዓይን ቆብ፣ የተሰነጣጠቀ ጣት፣ አንገት ላይ የወጣ ሽፍታ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን ሥራውን የምትሠሩ ሰዎች እስከ መጨረሻው ብታነቡት ትጠቀማላችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ይህን የምጽፈው «ተዉት» ለማለት አይደለም። እኔም ገፈርሳ ነው የምኖረው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሲመቸኝ ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ ሬዚን እሠራለሁ። በመስከረም ከሜዳው የለቀምነውን አደይ አበባ አድርቀን የአንገት ሐብል ስናደርገው ደስ ይላል። ቀኑን ሙሉ ሕመምተኛ ሲያይ ለዋለ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ በእጅ መሥራት ራሱ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ሥራውን እወደዋለሁ። ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ነገር ማወቅ አለብን።

ለመሆኑ ሬዚን ምንድን ነው?

ሬዚን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ቤታችን የሚጨሰው ዕጣንና ከርቤ ከዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው። ያው የዛፍ ሙጫ መሬት ውስጥ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲቆይ ደግሞ አምበር የሚባለው ድንጋይ መሰል ጌጥ ይሆናል። በሰሜን ሸዋ፣ መርሐቤቴ ውስጥ፣ በዓለም ከተማ አካባቢ በወንጪት ወንዝ ዳርቻ እንዲህ ያለ አምበር ተገኝቶ በ2010 እ.ኤ.አ በሳይንስ መጽሔት ታትሟል። መጀመሪያ ላይ 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጥቶት ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ አውርደውታል። ውስጡ ጉንዳንና ሸረሪት እንደ ተኛ ተቀምጦ ይታያል። እኛ አደይ አበባን ሬዚን ውስጥ የምናስቀምጠው፣ ዛፉ ያኔ ጉንዳኑን ያስቀመጠበት ዓይነት ሥራ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። አያቶቻችን በአንገታቸው ከሚያደርጉት ትልልቅ ቢጫ ዶቃ ውስጥ «አምበር» እየተባለ የተሸጠው ሁሉ እውነተኛ አምበር አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቤክላንድ የተባለ ሰው ከፌኖልና ከፎርማልዲሃይድ ሰው ሠራሽ ሬዚን ሠራ፤ ባክላይት ይባላል። ከዚያ በኋላ ከዚሁ ዓይነት ሬዚን አውሮፓ ውስጥ አምበር የሚመስል ዶቃ እየተሠራ ለአፍሪካ ገበያ በብዛት ተልኳል። ስለዚህ የሬዚን ጌጥ የቲክቶክ ዘመን ፈጠራ ብቻ አይደለም። አዲሱ ነገር፣ ፈሳሹ ኬሚካል ከፋብሪካ ወጥቶ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ መምጣቱ ነው። የአያቶቻችን ዶቃ እጃቸው የገባው ደርቆ፣ አልቆለት ነው። እኛ ግን ፈሳሹን እቤታችን እየቀላቀልን ነው።

ሁለት ዓይነት ጠርሙስ፣ ሁለት ዓይነት ችግር

ጌጥ የምትሠሩበት ሬዚን ባብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ኤፖክሲ ነው። በሁለት ጠርሙስ ይመጣል። አንደኛው ራሱ ሬዚኑ፣ ሁለተኛው ማድረቂያው (ሃርደነር) ነው። ሬዚኑ ቆዳን አለርጂ ከሚያሲዙ ኬሚካሎች መካከል በደንብ የሚታወቅ ነው። ማድረቂያው አሚን የሚባሉ ኬሚካሎች ስላሉት አለርጂ ከማምጣቱ በላይ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። ሁለቱ በትክክለኛው መጠን ተደባልቀው ሙሉ በሙሉ ሲደርቁ ግን ተያይዘው አንድ ጠንካራ ነገር ይሆናሉ፤ ያኔ ለቆዳ የሚያሰጋቸው ነገር በጣም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዩቪ ሬዚን ነው። በአንድ ጠርሙስ ይመጣል፤ ትንሽ መብራት ሲበራበት በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል። ይህ አክሪሌትና ሜታክሪሌት ከሚባሉ ኬሚካሎች ይሠራል። ስሙ አዲስ ቢሆንባችሁም ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ የጄል ጥፍር ቀለም የሚሠራው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የጥርስ ሐኪም ነጭ ሙሌት ሲሞላላችሁ በሰማያዊ መብራት የሚያደርቀውም የዚሁ ዘመድ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ብዙ ሰው «ሽታ የለውም፣ ስለዚህ ችግር የለውም» ይላል። ሽታና ጉዳት አብረው አይሄዱም። ኤፖክሲ ብዙም ላይሸት ይችላል፤ አለርጂ የማምጣት አቅሙ ግን ያው ነው። «መርዛማ ያልሆነ» የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ብታዩም በአብዛኛው የሚናገረው ከደረቀ በኋላ ስላለው ሁኔታ ነው እንጂ ስለ ፈሳሹ አይደለም።

ቆዳችን እንዴት «ይቀየማል»?

የሬዚን አለርጂ ሰውን የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። እሳት ብትነኩ ወዲያው ያማችኋል፤ እጃችሁን ትሰበስባላችሁ። ሬዚን ግን መጀመሪያ ስትነኩት ምንም አይልም። ሁለተኛም፣ አሥረኛም ጊዜ ምንም ላይል ይችላል። «እኔ ቆዳዬ ጠንካራ ነው» ብላችሁ ጓንት ትተዋላችሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን የሰውነታችሁ በሽታ መከላከያ ኬሚካሉን እየተዋወቀው ነው። ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። አንድ ቀን «ይህ ጠላት ነው» ብሎ ይመዘግበዋል።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ጠብታ፣ ባልታጠበ ስልክ ላይ የቀረ ቅሪት እንኳን ይበቃዋል። ምልክቱ የሚመጣው ደግሞ ወዲያው አይደለም፤ ከነካችሁ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው። ቅዳሜ ሠርታችሁ ሰኞ ጠዋት ስታብጡ «እሑድ ምን በላሁ?» ትላላችሁ። ሬዚኑ አይታሰባችሁም።

ትልቁ ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ አንዴ የተመዘገበ አለርጂ ባብዛኛው ዕድሜ ልክ ነው። ሽፍታው ይድናል፣ ትውስታው ግን አይጠፋም። ማጥፊያ ክትባትም ሆነ እንክብል የለውም። ስለዚህ ሥራው እንዳይቋረጥባችሁ የምትፈልጉ ሰዎች ዋናው ዘዴ አንድ ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈሳሹን ቆዳ አለማስነካት።

ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው።

👉 ጣቶች ላይ፣ በተለይ በጣቶች መካከልና ጫፍ ላይ ማሳከክ፣ መቅላት፣ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች
👉 ቆዳው መድረቅ፣ መላጥ፣ መሰንጠቅ
👉 የዓይን ቆብ ማበጥና ማሳከክ (የዓይን ቆብ ቆዳ በጣም ስስ ስለሆነ አየር ላይ የወጣው ተን ወይም አቧራ፣ ወይም እጃችን ያደረሰበት ጥቂት ነገር ይበቃዋል)
👉 ፊትና አንገት ላይ የሚወጣ ሽፍታ
👉 አንዳንድ ሰው ላይ ሳል፣ የደረት መጨነቅ፣ የአስም መነሣት

«ምች ነው» የተባለችው ልጅ

ፈቃዷን አግኝቼ፣ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ነገር ቀይሬ የአንዲት ታካሚዬን ታሪክ ልንገራችሁ።

ሃያዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቡራዩ የምትኖር ወጣት ናት። ቀን ትሠራለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ሬዚን ጌጥ። በትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የተጀመረው ነገር አድጎ በቴሌግራም ትእዛዝ መቀበል ጀምራለች። የቤት ኪራዩን ግማሽ ከዚያ ትሸፍናለች።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱም የዓይን ቆቦቿ አብጠው ተነሣች። እናቷ «ምች ነው» አሉ፤ ዳማከሴ ታሽቶ ተቀባች። በሦስተኛው ቀን ጎደለላት፤ ዳማከሴው ሠራ ተባለ። ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። ደግሞ ዳማከሴ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ጓደኛዋ «ይቺ ታጠፋዋለች» ብላ አንድ ቅባት ሰጠቻት። በአንድ ቀን ጠፋ! ግን ባቆመች ቁጥር ይመለሳል። ቅባቱን ሳየው ክሎቤታሶል ነው፤ በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ። እንኳን ዓይን ቆብ ላይ፣ ፊት ላይም መቀባት የሌለበት ነገር ነው። ቆዳን ያሳሳል፤ ዓይን አካባቢ ሲቆይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራ ያመጣል።

እጇን አሳዪኝ አልኳት። የአውራ ጣቷና የሌባ ጣቷ ጫፍ ተሰነጣጥቋል። «ይሄ የሳሙና ነው» አለችኝ። ምን ትሠሪያለሽ ስላት ስልኳን አውጥታ ፎቶዎቹን አሳየችኝ። በእውነት ያምራሉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፦ «ደኅና የሆንሽበት ጊዜ አለ?» ትንሽ አሰበችና «ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ሄጄ ሁለት ሳምንት ስቆይ ምንም አላለኝም» አለች። ስትመለስና መሥራት ስትጀምር በሁለተኛው ቀን ዓይኗ አበጠ። በዚያ ጊዜ ነገሩ ለእሷም ለእኔም ግልጽ ሆነ።

ዳማከሴውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማወራው። እብጠቱ የጎደለው ከሬዚኑ ስለራቀች ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን ዳማከሴው ነበር። ስለዚህ መንስኤው ሳይታወቅ ወራት አለፉ፤ በእነዚያ ወራት ደግሞ በየማታው ፈሳሹን እየነካች አለርጂው ሥር ሰደደ።

ከባዱ ክፍል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «አሁን ምን ላድርግ?» አለችኝ። ለእንቁጣጣሽ ትእዛዝ ተቀብላለች፤ ከአንዳንዱም ቀብድ ወስዳለች። «ጓንት ባደርግስ? ማስክስ?» አለች። ላጽናናት ብዬ ማባበል አልቻልኩም። አለርጂው ገና ላልያዘው ሰው ጓንት ይጠብቀዋል። ለያዘው ሰው፣ በተለይ ፊቱ ላይ ለሚወጣበት ሰው ግን ጓንት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ተኑም አቧራውም ያገኘዋል። ፈሳሽ ሬዚን ከቤቱ መውጣት አለበት አልኳት። አለቀሰች። እኔም ዝም አልኩ።

ለጥቂት ሳምንታት ቀለል ያለ ስቴሮይድ በልክ፣ ቫዝሊን፣ ሽታ የሌለው ሳሙና። ዓይኗ ዳነ፤ ጣቷ ዘግይቶ ዳነ። ቀብዱን መለሰች። አንዳንድ ደንበኛ ተቀየመ፣ አንዳንዱ ጠበቃት። አሁን የደረቀ አበባ በሁለት ቀጫጭን መስታወት መካከል እያደረገች፣ ጠርዙን በብር ሽቦ እየያዘች ትሠራለች። ገቢው እንደ በፊቱ አልሆነም። እጇ ግን የእሷ ነው፤ ጠዋት ዓይኗን ትገልጣለች።

የጥርሱ ነገር

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር ልመልሰው። ዩቪ ሬዚን ላይ አለርጂ የያዘው ሰው ችግሩ ጌጥ በመተው ብቻ ላያልቅ ይችላል። የጥርስ ሙሌት፣ የጄል ጥፍር፣ ለዳሌና ለጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ የሚውለው የአጥንት ሲሚንቶ፣ የስኳር ሕመምተኞች ቆዳቸው ላይ የሚለጥፉት አንዳንዱ መለኪያ፣ ሁሉም የዚሁ ኬሚካል ዘመዶች አሏቸው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት አለርጂ ካላችሁ ለጥርስ ሐኪማችሁም፣ ቀዶ ሕክምና ለሚያደርግላችሁም ሐኪም አስቀድማችሁ ንገሩ። ካወቁ መጠንቀቂያ መንገድ አላቸው።

ነገሩ ተራ እንዳልሆነ ለማሳየት፦ በ2018 እ.ኤ.አ የእንግሊዝ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በጄል ጥፍር ምክንያት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በእንግሊዝና አየርላንድ ቆዳ ክሊኒኮች የአለርጂ ምርመራ ከተደረገላቸው ሰዎች 2.4 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ ለአንድ የሜታክሪሌት ዓይነት አለርጂ ነበራቸው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2020 ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ሄማ የተባለ ኬሚካል ያለበት የጥፍር ምርት በባለሙያ ብቻ እንዲሠራበት ደንግጓል። እኛ ጋ ግን ያው ቤተሰብ በትንሽ ጠርሙስ ሆኖ በልጆች እጅ ይዞራል።

የገፈርሳ ብርድና የማይደርቅ ሬዚን

አሁን ደግሞ የእኛን ሰፈር ጉዳይ ላንሳ። ገፈርሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። ክረምት ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ እርጥበቱም ከባድ ነው። ሱሉልታ ያላችሁማ ታውቁታላችሁ። ብዙው ኤፖክሲ ደግሞ በደንብ የሚደርቀው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ስለዚህ «ዶክተር፣ ሬዚኔ ለሦስት ቀን ሲጣበቅ ቆየ» የሚለው ቅሬታ የሚገርም አይደለም። አንዳንዴ ላዩ ላይ ቅባት መሰል ነገር ይወጣል፤ ይህም ማድረቂያው ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የሚጣበቅ ሬዚን ማለት ኬሚካሉ ገና ያልተያያዘ ሬዚን ማለት ነው። ያንን ሐብል አድርጎ የሚውል ሰው ፈሳሹን አንገቱ ላይ እንደተቀባ ቁጠሩት። የማይደርቅበት ምክንያት ደግሞ ብርዱ ብቻ አይደለም። «ማድረቂያ ብጨምር ቶሎ ይደርቃል» የሚል ሰው አለ፤ ስሕተት ነው። የተረፈው ማድረቂያ የሚያያዘው ስለማያገኝ እዚያው ይቀራል። አምራቹ 1 ለ 1 ካለ 1 ለ 1፣ 2 ለ 1 ካለ 2 ለ 1። በመጠን (በሚሊ ሊትር) ይሁን በክብደት (በግራም) የሚለውንም ልዩ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሳትቸኩሉ ለጥቂት ደቂቃ የዕቃውን ጎንና ታች እየጠረጋችሁ አማስሉ።

ብርዱን ለማሸነፍ የሚደረገው ነገር ግን ከሬዚኑ ይልቅ ያስፈራኛል። ክፍሉን ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል! እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ያሳምማል፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። ከዚያ የሚቀለው ሁለቱን ጠርሙሶች ክዳናቸው እንደተዘጋ ሞቅ ያለ (የፈላ ሳይሆን) ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ሬዚኑ ይቀጥናል፣ የአየር አረፋውም ይቀንሳል። ፀሐይ ባለበት ቀን ጠዋት መሥራት፣ ክረምት ላይ ደግሞ ቸኩሎ ትእዛዝ አለመቀበል ነው። ቅርጽ ማውጫውን ምጣድ ላይ፣ ኦቨን ውስጥ አታስገቡ፤ ነገ እንጀራ ልትጋግሩበት ነው።

በሌላ በኩል ብዙ ሬዚን በአንድ ኩባያ ቀላቅላችሁ አትተዉ። ሲያያዝ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ በብዛት ከተጠራቀመ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊግል፣ ሊጨስ፣ ፕላስቲኩን ሊያቀልጥ ይችላል። ለጌጥ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ጥቂት ቀላቅሉ።

ታዲያ እንዴት እንሥራ?

እኛ ቤት የምንከተለውን ልዘርዝርላችሁ።

👉 ቦታ፦ መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ነፋስ በሚያልፍበት። ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይሆንም። ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ በረንዳ ወይም ግቢ ይሻላል። ስትሠሩ አትብሉ፣ ቡናም አታፍሉ።

👉 ጓንት፦ ናይትራይል የሚባለው ይሻላል። ላቴክስና ስስ የፕላስቲክ ጓንት አክሪሌትን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፋል። ናይትራይሉም ዘላለም አይጠብቅም፤ ሬዚን ሲነካው ወዲያው ቀይሩ። አጥቦ ደግሞ መጠቀም የለም። ጓንት አድርጋችሁ ስልክ፣ ፀጉር፣ ዓይን አትንኩ፤ ቪዲዮ የምትቀርጹ ሰዎች በተለይ!

👉 እጅ ከነካ፦ በሶፍት ጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። በአሴቶን፣ በቤንዚን፣ በበረኪና አታስለቅቁ። እነዚህ የቆዳውን ወዝ አጥበው ኬሚካሉን ወደ ውስጥ ያስገቡታል።

👉 ማስክ፦ የኮሮና ጊዜ ሰማያዊው ማስክ ለዚህ ምንም አይጠቅምም። ኤን 95 አቧራ ይከለክላል እንጂ ተን አይከለክልም። ለተን የኦርጋኒክ ተን ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። እሱ ካልተገኘ ነፋስ ያለበት ቦታ፣ ጥቂት ሬዚን፣ አጭር ሰዓት።

👉 መሞረድ፦ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቁት የሚወጣውን አቧራ አትተንፍሱ። ወረቀቱንም ጌጡንም ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ ፍቁ፤ አቧራው አይነሣም። ኤን 95 የሚጠቅመው እዚህ ነው። ደርቋል ብላችሁ በማግሥቱ አትፍቁ፤ እንደ አምራቹ መመሪያ ሙሉ ለሙሉ እስኪያያዝ ከ3 እስከ 7 ቀን ይፈጃል፤ በብርድ ደግሞ ከዚያም ይቆያል።

👉 የዩቪ መብራት፦ ዓይናችሁን መብራቱ ላይ አትትከሉ። መብራት ኃይል ከሄደ ደግሞ «ደርቋል» ብላችሁ በእጅ አትሞክሩት፤ እስኪመጣ ሸፍናችሁ አስቀምጡ።

👉 አበባው፦ በደንብ ያልደረቀ አደይ አበባ ውስጡ ይጠቁራል፣ አረፋም ይፈጥራል። ሁለት ሦስት ሳምንት መጽሐፍ ውስጥ ተጭኖ ይድረቅ።

👉 ትርፍ ሬዚን፦ ወደ ቧንቧና ወደ ቦይ አትድፉ። ያልደረቀ ኤፖክሲ ውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት መርዝ ነው፤ እኛ ደግሞ የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ግድብ አጠገብ ነው የምንኖረው። ኩባያው ውስጥ ይድረቅ፣ ከዚያ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣል።

👉 ጠርሙስ፦ በጭራሽ ወደ ሃይላንድ አትገልብጡ! ማድረቂያው ውሃ ይመስላል። ልጅ ይጠጣዋል። ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ፣ ስም ሳይጻፍበት በሃይላንድ ቢሸጥላችሁም አትግዙ።

እርጉዝ የሆናችሁና አስም ያለባችሁ ፈሳሹን መቀላቀሉን ለሌላ ሰው ተዉት። ችፌ ያለባችሁም እንደዚሁ፤ የተሰነጠቀ ቆዳ በሩ ክፍት ቤት ማለት ነው። ልጆች ደግሞ አበባ መልቀም፣ ቀለም መምረጥ፣ የደረቀውን በክር መሰካት ይችላሉ። የእህቴ ልጅ ሥራም ይኸው ነው፤ ፈሳሹን አትነካም፣ ውሳኔው ግን ሁሉ የእሷ ነው!

አደጋ ቢደርስስ?

ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ወዲያው በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እጠቡ፤ ኮንታክት ሌንስ ካለ አውጡ። ከዚያ ወደ ሕክምና። ውሃ በሄደበት ቀን አትሥሩ የምለው ለዚህ ነው፤ ቢያንስ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር።

ልጅ ከዋጠው፦ እንዲያስመልስ አታስገድዱ፤ ሲወጣም ጉሮሮውን ደግሞ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊትና ከንፈር ቶሎ ካበጠ ቤት ውስጥ አትጠብቁ።

ሽፍታ ከወጣባችሁ

መጀመሪያ ሥራውን ለሁለት ሦስት ሳምንት አቁሙና ተመልከቱ። ሲቆም የሚድን፣ ሲጀመር የሚመለስ ከሆነ ትልቅ ፍንጭ ነው። «ልሞክረው» ብላችሁ ፈሳሹን ክንዳችሁ ላይ ጠብ አታድርጉ፤ ሙከራው ራሱ አለርጂ ሊያሲዛችሁ ይችላል። በሕክምና የሚደረግ ፓች ቴስት የሚባል ምርመራ አለ፤ የተመጠነ ኬሚካል ጀርባ ላይ ተለጥፎ ለ48 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ቆዳው ምን እንዳለ ይነበባል። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የጠርሙሱን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ጌጥ እሠራለሁ» ብላችሁም ራሳችሁ ንገሩት። ሐኪም ሁሉ አይጠይቅም።

ከጓደኛ የመጣ ቅባት፣ ክሎቤታሶልም ሆነ ቤታሜታሶን፣ ፊታችሁ ላይ አትቀቡ።

ለምትገዙና ለምታደርጉ

በደንብ የደረቀ ሬዚን ጌጥ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። ጥፍራችሁን ስትጫኑት ምልክት የሚቀርበት፣ የሚጣበቅ ወይም ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ከሆነ መልሱት። ጆሯችሁ ካሳከካችሁ ደግሞ ሬዚኑን ብቻ አትጠርጥሩ፤ ርካሽ መንጠቆ ውስጥ ያለው ኒኬል የታወቀ የአለርጂ መንስኤ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጌጥ ውስጥ የሚወጣውን የኒኬል መጠን የሚገድብ ሕግ ያወጣው በ1994 ነው። የምትሸጡ ሰዎች መንጠቆውን ብር ብታደርጉት ለደንበኛችሁ ትልቅ ውለታ ነው። ሬዚን የተቀባ ኩባያና ሳሕን ላይ ግን ትኩስ ነገር አትብሉ፣ አትጠጡ፤ ለጌጥ የተሠራ ሬዚን ለምግብ አልተሠራም።

በመጨረሻ፣ እጃችሁ ላይ ወይም ዓይናችሁ ላይ የጀመራችሁ ነገር ካለ ለነገ አትበሉ። በጊዜ የተያዘ ሰው ሥራውን አስተካክሎ መቀጠል ይችል ይሆናል፤ የዘገየው ግን መምረጥ ግድ ይለዋል። ይህን ጽሑፍ ሬዚን ለሚሠራ ለምታውቁት ሰው አድርሱት፤ በተለይ ጓንት ሳያደርግ ቪዲዮ ለሚለቅ ወዳጃችሁ። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንስታችሁ ብትልኩ ይበልጥ ልረዳችሁ እችላለሁ።

ጤናችሁ ይብዛ!